ሁለቱ ኬርጋዎች

የአጎቴን ልጅ የታምራትን ሠርግ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ወሬ አመላልሼ ወይም ምቀኝነት ይዞኝ አይደለም። አንድ ቁልፍ ተጭኜ ነው። የሆነውን ሳወራ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል፤ ግን በዚያ ሳምንት ያየኋቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ሳላወሳ መሞት አልፈልግም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። ለቀበሌ ማመልከቻ፣ ለተማሪዎች የጥናት ወረቀት፣ ለዕድር ደንብ፣ ለካድሬዎች ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። በከተማው ኮምፒውተር የምንነካ ሰዎች በጣት የምንቆጠር ስለነበርን ሰዉ ‹‹ምሕረት ኮምፒውተር›› ይለኝ ነበር። ስሙ ሳይታወቀኝ ልቤን አሳብጦት ኖሯል።

አዲስ አበባ የሚነግዱ ዘመዶቻችን የቤተሰብ ማኅበር ነበራቸው። አንድ ቀን የማኅበሩ ሰብሳቢ የትውልድ ሐረግ መመዝገቢያ ፕሮግራም ያለበት ሲዲ ይዘውልኝ መጡ። ‹‹ሽማግሌዎቻችን እያለቁ ነው። ሳያልቁ የሚያውቁትን ጠይቀሽ እዚህ ውስጥ አስገቢልን›› አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ሦስት ዓመት ሠራሁበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ወደ አገና፣ አንዳንዴም ወደ ቸሃ መንደሮች እሄድና በደብተር ጽፌ እመለሳለሁ። ዋናው ምንጬ የአያቴ ወንድም አባባ ሳህሌ ነበሩ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ከእንሰቱ ጥግ በርጩማቸው ላይ ይቀመጡና ከአንዱ አያት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሳይደናቀፉ ይቆጥሩልኛል። መሐል ላይ እንግዳ መጥቶ ሰዓት ሙሉ ቢያጫውታቸው እንኳ፣ እንግዳው ሲሄድ ካቆሙበት ስም ይቀጥላሉ። እኔ ደብተሬን ገልጬ የት ጋ እንደደረስን ስፈልግ እሳቸው ሁለት ስም ቀድመውኝ ይገኛሉ።

በጋብቻ የተሳሰርናቸውን ቤተሰቦችም ስለጨመርኩ ስሙ ከአምስት ሺህ አለፈ። ፕሮግራሙ ግን ለእኛ የተሠራ አልነበረም። የእኛን ፊደል አያውቅም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ስጽፍ ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ አንድ ይሆናሉ። ‹‹የቤተሰብ ስም›› ብሎ የሚጠይቀው ሣጥንም አለ። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአያትን ስም አስገባበት ነበር።

አንድን ሰው ሦስት ሽማግሌ ሲነግሩኝ ሦስት ጊዜ ይመዘገባል። ለዚህ ፕሮግራሙ መላ ነበረው፤ ስማቸው የሚመሳሰሉትን ፈልጎ ጎን ለጎን ያመጣና ‹‹እነዚህ አንድ ሰው ናቸው ወይ?›› ብሎ ይጠይቃል። ‹‹አዎ›› ሲሉት ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። መብራት እየሄደ እየመጣ ባስቸገረኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ‹‹አዎ፣ አዎ፣ አዎ›› አልኩት። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላስታውስም። ሲያልቅ ሐረጉ አምሮ፣ ከተራራቁት ቅርንጫፎች ብዙዎቹ ተገጣጥመው አየሁና ተደሰትኩ።

ታምራት ወልቂጤ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። የኮምፒውተሬን ጠረጴዛ የሠራልኝ እሱ ነው። ቡታጅራ ውስጥ በነርስነት የምትሠራ ሰናይት የምትባል ልጅ ወደደ። ሁለቱም ቤተሰቦች የወንጌል አማኞች ናቸው፤ ቢሆንም የአባቶችን ሥርዓት አልተዉም። ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት ተቆጥረው ዝምድና ካልተገኘ ነው የሚጋቡት። ሽማግሌዎች በቃል ቆጠሩ፤ ንጹሕ ነው አሉ። ሠርጉ ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰብሳቢያችን ‹‹ለሠርጉ ዕለት የሁለቱን ሐረግ በጥሩ ወረቀት አትሚልን፤ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን›› ብለው ደወሉልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የታምራትን ስም መረጥኩ፤ የሰናይትን ስም መረጥኩ፤ ‹‹ዝምድናቸውን አሳይ›› የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ባዶ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ሁለት መስመር እየወጣ እየወጣ ሄዶ አንድ ስም ላይ ተገናኘ። ኬርጋ ዘርጋ ይላል። ከታምራት ወደ ላይ አራተኛው፣ ከሰናይትም ወደ ላይ አራተኛው።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያኔ የተሰማኝ ስሜት ነው። አልደነገጥኩም። ኩራት ነው የተሰማኝ። ሽማግሌዎች ሁሉ ያላዩትን የእኔ ኮምፒውተር አየው ብዬ ወረቀቱን አትሜ ለሰብሳቢው ደወልኩ፤ ከዚያ ወደ ታምራት ሄድኩ።

የአልጋ ራስጌ እየላገ ነበር፤ የራሱን የሠርግ አልጋ። ወረቀቱን አንብቦ መላጊያውን አስቀመጠ። ፍቅፋቂውን ከልብሱ ላይ ቀስ እያለ አራገፈ።

‹‹ምሕረት፣ እርግጠኛ ነሽ?››

‹‹ኮምፒውተር አይዋሽም›› አልኩት።

በማግስቱ ወሬው አገናም ቡታጅራም ደርሶ ነበር። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ቅዳሜ አባባ ሳህሌ ደጅ ተሰብስበው ጋብቻው መቅረቱን ለሴቷ ወገን በይፋ ሊልኩ ቀጠሮ ያዙ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ የጽሕፈት ቤቴ በር ጨለም አለ። ቀና ስል አባባ ሳህሌ ናቸው። በሚኒባስ ብቻቸውን ከአገና መጥተዋል። ወንበር ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አሳዪኝ አሉ። ማንበብ አይችሉምና እያንዳንዱን ስም በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩላቸው። በታምራት በኩል ያለውን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። በሰናይት በኩል ወደ ኬርጋ ስደርስ ራሳቸው መነቅነቁን ተወ።

‹‹ልጄ›› አሉኝ፣ ‹‹በታምራት በኩል ያለውን የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ይሄኛውንስ ወረቀቱ ከማን ሰማ?››

ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። በየስሙ አጠገብ ‹‹ምንጭ›› የሚል ሣጥን አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጊዜ ይፈጃል ብዬ አልሞላሁትም ነበር። የኬርጋን ሣጥን ስከፍት ባዶ ነው። የእናቱም ሣጥን ባዶ ነው። ያኔ ያ ‹‹አዎ፣ አዎ›› ያልኩበት ከሰዓት ትዝ አለኝ።

አሮጌ ደብተሮቼን አወረድኩ። አባባ ሳህሌ በትዕግሥት ጠበቁኝ። በአንደኛው ደብተር ኬርጋ ዘርጋ አለ፤ ከአባባ ሳህሌ የሰማሁት። ከዓመት በኋላ በጻፍኩት ሌላ ደብተርም ኬርጋ ዘርጋ አለ፤ ሰናይት ለታምራት ስትታጭ አጎቷ በስልክ የነገረኝ። አንድ ይሁኑ ሁለት ደብተሩ አይናገርም። አንድ ያደረግኋቸው እኔ ነበርኩ፣ ማንንም ሳልጠይቅ።

‹‹አባባ፣ የተሳሳትኩ ይመስለኛል›› አልኩ።

‹‹የሚመስለውን ትተን የሆነውን እንፈልግ›› አሉ። ‹‹አያቴ ኬርጋን አውቀዋለሁ፤ በቡታጅራ በኩል፣ በመስቃን ልጅ እንዳለው ግን ሰምቼ አላውቅም። አለመስማቴ የለም ማለት አይደለም። የእነሱን ሐረግ ቆጣሪ እዚያው ሄደን እንጠይቅ።››

ሰናይት የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ደወልኩ። እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ ‹‹መስቃን ገጠር ውስጥ እማማ ሐዋ የሚባሉ የአባቴ ዘመድ አሉ። በእኛ ወገን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ነገ ኑ፣ እወስዳችኋለሁ›› አለችኝ።

ሐሙስ ማለዳ ተነሣን። ከወልቂጤ ቡታጅራ በዚያ ጊዜ የሚቀናው በአዲስ አበባው መንገድ ዓለም ገና ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ወርዶ የቡታጅራን መኪና መያዝ ነበር። ረጅም መንገድ ነው። አባባ ሳህሌ በዚያ ዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ ‹ደከመኝ› አላሉም። ‹‹አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ›› ስላቸው ‹‹ገና ምን እንዳጠፋሽ አላወቅንም፤ ይቅርታውን አስቀምጪው›› አሉኝ።

ሰናይት መናኸሪያ ጠበቀችን። የነርስ ነጭ ልብሷን አልቀየረችም፤ ነጠላ ብቻ ደርባበታለች። ዓይኗ ማልቀሷን ያሳብቃል፤ ድምፇ ግን ጽኑ ነበር። ለአባባ ሳህሌ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ወደ እኔ ዞረች።

‹‹አልተቀየምኩሽም። ዝምድና ካለን እተወዋለሁ፤ የአባቶቼን ሥርዓት አላፈርስም። ከሌለን ግን ማንም አያስተወኝም። ስለዚህ እውነቱን ብቻ ነው የምፈልገው።››

በጋሪ ጥቂት ሄደን፣ ቀሪውን በእግር ተጓዝን። እማማ ሐዋ ደጃቸው ላይ በተዘረጋ ሰፊ ሰሌን ላይ ቀይ በርበሬ አስጥተው፣ የተበላሸውን ከደህናው ይለያሉ። ከአባባ ሳህሌ ጋር እኩያ ይመስላሉ።

‹‹አሰላሙ አለይኩም›› አሉ አባባ ሳህሌ።

‹‹ወአለይኩም ሰላም። ግቡ፣ ተቀመጡ። ሰናይት፣ ምነው ፊትሽ?››

ሰናይት ነገሩን አስረዳቻቸው። እማማ ሐዋ እጃቸው በርበሬውን መልቀሙን ሳያቆም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ።

‹‹ኬርጋ ዘርጋ አልሽ። እናቱ ማን ናት?››

‹‹አልጻፍኩም፣ እማማ።››

‹‹የዘርጋስ እናት?››

‹‹እሷንም አልጻፍኩም።››

‹‹እንግዲያ ግማሹን ነው የጻፍሽው›› አሉ፣ ያለ ቁጣ። ‹‹ወንዶች ሲቆጥሩ አባት አባት ይላሉ። የአባት ስም ይመሳሰላል፤ ዘርጋ ብዙ ነው፣ ኬርጋ ብዙ ነው። አባትም እናትም አያትም የሚመሳሰሉበት ሰው ግን አላየሁም። እኛ ሴቶች በእናት ነው የምንይዘው።››

ደህናውን በርበሬ እያነሡ ሰሌኑ ባዶ ጥግ ላይ ይደረድሩ ጀመር። አንድ በርበሬ አንድ ሰው ነው። አባት በዚህ፣ እናት በዚያ፣ ልጅ ከሥር። ከሰናይት ተነሥተው ወደ ላይ ሲወጡ የእያንዳንዷን ሚስት ስም፣ የመጣችበትን መንደር፣ የአባቷን ስም ይናገራሉ። ከቸሃ የመጣች፣ ከስልጤ የመጣች፣ በወሊድ የሞተች፣ ሁለት ጊዜ ያገባች። እኔ በሦስት ዓመት ያልሰማሁትን ያህል የሴት ስም በአንድ ሰዓት ሰማሁ። ደብተሬን አውጥቼ ስጽፍ እጄ አልደርስ አለኝ። ቁንን ሳይሉ፣ ሳይኩራሩ፣ ሰው የጓዳውን ዕቃ እንደሚቆጥር ነበር የሚቆጥሩት።

ኬርጋ ላይ ሲደርሱ አንድ ትልቅ በርበሬ አስቀመጡና ቆሙ። ወደ አባባ ሳህሌ አዩ።

‹‹ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የአገናው ኬርጋ አያትህ ነው አይደል?››

‹‹አያቴ ነው።››

‹‹በጎረምሳነቱ ጠፍቶ ነበር ይባላል በእናንተ ቤት?››

አባባ ሳህሌ ቀና አሉ። ድንገት ሲገረሙ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

‹‹ይባላል። ሁለት ወር ጠፍቶ፣ ሞቷል ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠውለት፣ በለቅሶው መሐል በእግሩ መጣ ይላሉ። የት እንደነበር ግን እስኪሞት አልተናገረም። እናቱም ብትለምነው አልነገራትም። አንቺ ይህን ከየት ሰማሽ?››

‹‹እዚህ ነበራ›› አሉ እማማ ሐዋ። ‹‹እዚሁ እኛ ቤት።››

ከዚያ አወጉን። የመስቃኑ ዘርጋ በርበሬ ጭኖ አገና ገበያ የሚወጣ ነጋዴ ነበር። እዚያ ሌላ ዘርጋ አገኘ። ሞክሼ በመሆናቸው ተሳስቀው ተዋወቁ፤ ከዚያ ወዲያ የመስቃኑ ሰው አገና ሲሄድ የሚያድረው በሞክሼው ቤት ሆነ። አንድ ጊዜ ግን ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ተስቦ ጣለው። ተስቦ ያኔ መንደር ይጨርስ ስለነበር አብረውት የነበሩት ነጋዴዎች ጥለውት ሸሹ። የአገናው ዘርጋ ልጅ ኬርጋ ለከብት ሣር ፍለጋ ሲሄድ የአባቱን ወዳጅ ወድቆ አገኘው። በሽተኛውን በገዛ በቅሎው ጭኖ፣ ተራራውን አሻግሮ መስቃን አደረሰው። ዘመድ እንኳ ለመግባት ሲፈራ እሱ ከአጠገቡ አልተለየም። ውሃ አጠጣው፣ አጠበው፣ አገላበጠው። ሰውየው እስኪድን ሁለት ወር ተቀመጠ።

‹‹ወደ አገሩ ሲሄድ ሰውን ሁሉ ማለደ›› አሉ እማማ ሐዋ። ‹‹ተስቦ መንካቱ ከተሰማ መንደር አያስገቡትም፣ እናቱንም ያገሏታል። ‹እኔ አልናገርም፣ እናንተም አትላኩ› ብሎ አስማላቸው። እሱ በሄደ በወሩ የእኛው ዘርጋ ሚስት ወንድ ወለደች። ዘርጋ ስሙን ኬርጋ አለው። ያ ልጅ የእኔ አያት ነው፤ የሰናይት አባቶችም ከእሱ ናቸው። እናቱ የምሥራቅ መስቃን ሴት ናት፣ የአገና ሰው አይደለችም። ደም የለንም ከእናንተ ጋር። ውለታ ነው ያለን።››

አንድ ሌላ በርበሬ አንሥተው ከመጀመሪያው ራቅ አድርገው አስቀመጡ። ሁለት ኬርጋ፣ ሁለት ዘርጋ፣ በመካከላቸው ባዶ ሰሌን።

አባባ ሳህሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መሬት አዩ። ‹‹አያቴ ቁጡ ሰው ነበር፤ እንፈራው ነበር። ይህን አድርጎ እንደነበር አላውቅም›› አሉ። ሰናይት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። የእኔስ? የእኔ እንባ የእፎይታ ይሁን የኀፍረት አልለየሁትም።

እማማ ሐዋ ግን አልጨረሱም ነበር። ‹‹በእኔ ቃል ብቻ አትሂዱ›› አሉ። ወንድማቸው ወዳለበት መንደር ላኩንና ወንድምየውም ለብቻቸው ተጠይቀው የእናቶቹን ስም ያንኑ ተናገሩ። በዚያች ቀን ማስረጃ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ፊደል ካልቆጠሩ ሴት ነው።

ዓርብ ተመለስን። ቅዳሜ አባባ ሳህሌ ደጅ፣ ጀፎረ በሚባለው የመንደሩ ሰፊ የሣር ጎዳና ዳር፣ ከዝግባው ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሰብሳቢያችንም ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ታምራት ከኋላ ቆሟል። አባባ ሳህሌ ሊናገሩልኝ ሲነሡ ‹‹እኔ ልናገር›› አልኩ። በዚያ ስብሰባ ሴት ቆማ መናገሯ የተለመደ አልነበረም፤ ግን ፈቀዱልኝ።

‹‹የተሳሳተው ኮምፒውተሩ አይደለም›› አልኩ። ‹‹ሁለት ሰዎች አንድ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳላጣራ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። ሠርግ ያፈረስኩት፣ የሁለት ቤት ስም በክፉ ያስነሣሁት እኔ ነኝ።›› ከዚያ የሰማነውን ሁሉ ከነተናጋሪው፣ ከነእናቶቹ ስም አነበብኩላቸው።

አንድ ሽማግሌ ‹‹ይህ ዕቃ ይቅርብን። ሰው ያለያያል›› አሉ። ብዙዎች አጉረመረሙ። ያኔ አባባ ሳህሌ ተነሡ።

‹‹እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስቆጥር ስንት ጊዜ እንደተሳሳትኩ ማን ያውቃል? የአፍ ስህተት ነፋስ ይወስደዋል፤ ተሳስቼ ያስቀረሁት ጋብቻ ካለ ቀርቶ ቀርቷል። የዚህች ልጅ ስህተት ተጽፎ ስለነበረ ታየ፤ ስለታየ ታረመ። እሷም ሸሽታ አልተደበቀችም። ሥራውን ካላስጨረስናት ጥፋቱ የእኛ ነው።››

ታምራት መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ።

ሠርጉ በቀኑ ተሠራ። እማማ ሐዋ ከመስቃን መጥተው ከአባባ ሳህሌ ጎን ተቀመጡ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወጉ ዋሉ። ዘመዶቻችን ሙሽሮቹን ትተው እነሱን ያዩ ነበር ብል አልዋሸሁም።

እኔም ከዚያ በኋላ ሐረጉን ከሥሩ ፈትሼ ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ‹‹አዎ›› ያልኩባቸውን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ከእነሱም ውስጥ ሌሎች በስህተት የተጋጠሙ ሞክሼዎች አገኘሁ። የተናጋሪው ስም የሌለው ስም አልመዘግብም። የእናት ሣጥን ባዶ ከሆነ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ወንዶቹን ጠይቄ ስጨርስም ‹‹አሁን ደግሞ ሴቶቹን ጥሩልኝ›› እላለሁ። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ለመዱት። ‹‹ምሕረት ኮምፒውተር›› የሚለውም ስም ቀስ በቀስ ጠፋ፤ መንደር ለመንደር ስዞር ‹‹ጠያቂዋ›› ይሉኝ ጀመር። ከፊተኛው ይልቅ ይህኛውን እወደዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም ቤት አንድ የሚያውቅ ሰው አለ። ምናልባት ማንም የማይጠይቀው ሰው ነው። ዛሬ ስልክም ኮምፒውተርም በየእጃችን አለ፤ ስትጽፉ የነገራችሁን ሰው ስም አብራችሁ ጻፉ። ስትሳሳቱም ቆማችሁ ተናገሩ፤ ከምታስቡት በላይ የሚሸከማችሁ ሰው ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላቆምም። ከቡታጅራ በተመለስን ማግስት፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ማልጄ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የእማማ ሐዋን ስም ፈለግሁ። ከአምስት ሺህ በላይ ስም ውስጥ አልነበሩም። የወንድሞቻቸውን ስም የነገረኝ ሰው እህት እንዳለቻቸው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አዲስ ሣጥን ከፈትኩና ስማቸውን አስገባሁ። ቀጥሎ በእናታቸው ሣጥን፣ በእናታቸው እናት ሣጥን፣ ደብተሬ ላይ እንደጻፍኩት እስከ ላይ ወጣሁ። ‹‹ምንጭ›› የሚለው ላይ ስደርስ ‹‹ሐዋ፣ ራሳቸው›› ብዬ ጻፍኩ።